ነጮቹ ድንጋዮችና የድንኳኑ ካስማ

ባለፈው ጥር፣ እሑድ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተሩብ ላይ፣ ጉለሌ ውስጥ ከዊንጌት ብዙም በማይርቅ ግቢ የእድር ድንኳን ካስማ መሬት ውስጥ የተቀበረ የኔትወርክ ኬብል ቆረጠ። የተጎዳ ሰው የለም። ሠርጉም አልተቋረጠም።

በጋዜጠኝነት ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። እሳት ዘግቤያለሁ፣ ጎርፍም ዘግቤያለሁ። የዚያን ቀኑ ነገር ግን መኪና እየነዳሁ ትዝ ሲለኝ ብቻዬን ያስቀኛል። ያየሁትንና ጠይቄ ያረጋገጥኩትን በቅደም ተከተሉ እጽፈዋለሁ።

ወደ ግቢው የሄድኩት ለሥራ ነበር። ትንንሽ ድርጅቶች ፎቶና ቪዲዮአቸውን እንዴት እንደሚያስቀምጡ አንድ ጽሑፍ እያዘጋጀሁ ሳለ ጽዮን ከምትባል የኔትወርክ መሐንዲስ ጋር አገናኙኝ። ቀጠሮ ስጠይቃት ሳቀች።

«ጋሼ፣ በቃል ከነገርኩዎት እንቅልፍ ይወስድዎታል» አለችኝ። «እሑድ ሠርግ አለብን። ይምጡና ሥራ ላይ ሆኖ ይዩት። ምሳም ይበላሉ።»

ግቢው የእትዬ አሰለፈች ነው። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በር አጠገብ ያለችውን ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሄኖክ ለሚባል የቪዲዮ ባለሙያ አከራይተዋል። ሄኖክ የሠርግና የምርቃት ፊልም የሚያቀናብረው እዚያ ፎቅ ላይ ነው። ፊልሞቹ የሚቀመጡበት ትልቁ ሣጥን፣ እነሱ ስቶሬጅ የሚሉት፣ ያለው ግን ከግቢው ጀርባ፣ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ነው። ክፍሏ ቀዝቃዛ ናት፣ በሯም ጠንካራ ነው። ካሜራ ያነሳው ሁሉ እዚያ ይራገፋል። ሄኖክ ደግሞ ፎቅ ላይ ተቀምጦ በኬብል እየሳበ ይሠራል።

የዚያን ቀን የምትዳረው የእትዬ አሰለፈች ልጅ ማህሌት ነበረች። እናትየዋ ግን ሠርጉ ላይ አልነበሩም። ሁለት ሳምንት ያህል ቀደም ብሎ ደረጃ ላይ አዳልጧቸው ዳሌያቸው ተሰብሮ ጳውሎስ አካባቢ ሆስፒታል ተኝተዋል። ቀዶ ሕክምናው ለሰኞ ጠዋት ተቀጥሯል።

ቤተሰቡ ሠርጉን ሊያስተላልፍ ፈልጎ ነበር። እሳቸው እምቢ አሉ።

«ጥሪው ወጥቷል፣ ጠጁ ተጥሏል። በእኔ ዳሌ ምክንያት የሚቀር ሠርግ የለም!»

አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ። ማን እንደመጣ፣ ማን እንደቀረ፣ ማን የት እንደተቀመጠ በዚያው ቀን ማየት ይፈልጋሉ። በማግስቱ በመርፌ ስለሚያስተኟቸው ሌላ ቀን ይደርሳል የሚባል ነገር አልተዋጠላቸውም። ጠዋት በስልክ ቪዲዮ ሞክረውላቸው ነበር። መስመሩ እየተቆራረጠ፣ ዓይናቸውም ከትንሽ ነገር ጋር አልስማማ ብሎ «ይሄ ሰው ነው ዝንብ?» ብለው ስልኩን መለሱት። ስለዚህ ሄኖክ የዕለቱን ፊልም አሳጥሮ በላፕቶፕ ሊልክላቸው ቃል ገባ። የጠያቂ ሰዓት የሚያበቃው አሥራ ሁለት ላይ ነው። ሙሽሮቹ ራሳቸው ፊልሙን ይዘው ሄደው እናታቸውን ሊያሳዩና ሊመረቁ ተስማምተዋል።

እኔ የደረስኩት ምሳ ሊጀመር ሲል ነው። ከበሩ እስከ ድንኳኑ ቀይ ምንጣፍ ተነጥፎ ግራና ቀኙን ኖራ የተቀቡ ነጫጭ ድንጋዮች ተደርድረውለታል። አማረኝ። ፎቶ ሁሉ አነሳሁ። ጽዮን ጠዋት በጓሮ በር ገብታ ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ስትሠራ ስለቆየች ያንን ምንጣፍ አላየችም ነበር። ይህን በኋላ ነው ያጣራሁት።

ከጓሮ በኩል ስትመጣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። ጥብስ ቀረበልን። እኔ ደብተሬን አወጣሁ።

«ኢንተርኔት እንደ እንግዳ ነው» አለች እየጎረሰች። «ቢዘገይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ይበላል፣ ማንም አይቀየምም። ስቶሬጅ ግን ሙሽራ ነው። ሙሽራ ከዘገየ ሁሉም ቆሞ ይጠብቃል። ሄኖክ ፊልሙን ሲስብ ትንሽ ከተጓተተበት ሥዕሉ ይሰበርበታል።»

«ታዲያ ምን አደረግሽለት?»

«የራሱን መንገድ ሠራሁለት። ከኢንተርኔቱ ጋር አይጋፋም። መንገዱም ሁለት ነው። ለየብቻቸው ስዊች የሚባል መሰኪያ አላቸው፣ ለየብቻቸው ኬብል አላቸው። ደህና ሲሆኑ ሁለቱም ይሠራሉ፣ አንዱ ከሞተ ሌላው ብቻውን ይሸከማል። ዋናው ነገር ግን የትም ቦታ መገናኘት የለባቸውም። አንድ ቦይ ውስጥ ጎን ለጎን ካስተኛኋቸው ሁለት ኬብል ገዛሁ እንጂ ሁለት መንገድ አልሠራሁም።»

አንደኛው ኬብል በፕላስቲክ ቱቦ ሆኖ ከሄኖክ ቤት እስከ ሰርቪሱ በግቢው መሬት ውስጥ ተቀብሯል። ሁለተኛው ከፎቁ መስኮት ወጥቶ፣ በበሩ ማዕዘን በአየር ተሻግሮ፣ በጎረቤታቸው በሐጂ ኑሩ አጥርና ጣሪያ ጠርዝ ዞሮ ከጀርባ ይገባል። ሐጂ ኑሩ ዊንጌት አካባቢ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ አላቸው። ጽዮን ፈቃድ ስትጠይቃቸው «በጣሪያዬ ካለፈማ ዘመድ ሆነ ማለት ነው» ብለው ነበር አሉ።

ሄኖክ በዚህ ነገር ሲያሾፍባት ከርሟል። በዚያን ቀንም ከፎቅ አንገቱን አውጥቶ «ጋሼ፣ ለአንድ ሣጥን ሁለት ኬብል! ይህቺ ልጅ ባል ስታገባም ተጠባባቂ ይዛ ነው» አለኝ።

«አንተን አስቀምጬህ የለ እንዴ» አለችው። ዙሪያው ሳቀ።

በዚህ መሃል ከእንጦጦ በኩል ነፋስ ተነሳ። ድንኳኑ እንደ ፊኛ ተነፍቶ አንዱ ጎኑ ብድግ ብድግ ይል ጀመር። የእድሩ የድንኳን ኃላፊ ጋሽ ተካ መዶሻቸውን ይዘው መጡ። ረጅም የብረት ካስማ ሊጨምሩ ነው። ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ከመምታታቸው በፊት ቆም ብለው ጮክ ብለው ጠየቁ።

«የእነሄኖክ ኬብል በየት ነው የሚያልፈው?»

«በነጮቹ ድንጋዮች መሃል ነው!» አላቸው አንዱ አስተናጋጅ።

እሳቸውም ወደ ምንጣፉ ዞረው ድንጋዮቹን አዩ። ከዚያ በእርምጃ ለክተው ራቅ አሉና ካስማውን መሬት ላይ አቆሙ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። መዶሻው ሁለት ሦስቴ አረፈ። ድንኳኑም ረጋ። እንግዶቹ አጨበጨቡላቸው።

የጽዮን ስልክ ጠረጴዛው ላይ ተንቀጠቀጠ። አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። አንድ ጥብስ አነሳች።

«ምንድን ነው?» አልኳት።

«አንደኛው መንገድ ሞተ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ሁለተኛው አለ። ይብሉ እንጂ ጋሼ።»

እኔ ግን መብላት ተውኩ። ፎቅ ወጥቼ ሄኖክን አየሁት። የጆሮ ማዳመጫ አድርጎ የቤተ ክርስቲያኑን ሥነ ሥርዓት ፊልም እየቆረጠ ነው። «ችግር አለ?» ስለው «ትንሽ ከበድ አለኝ፣ ሌላ ምንም የለም» አለኝ። ኬብል መቆረጡን አላወቀም።

ስመለስ ጽዮን ካስማው ጋ ተንበርክካ መሬቱን ትዳስሳለች። ቀና አለችና «እዚህ ጋ ምልክት ነበር» አለች። «ነጭ ድንጋዮች። ከእትዬ አሰለፈች ጋር ሆነን ነው የደረደርናቸው። ኖራውንም በእጃቸው ነው የቀቧቸው። የት ሄዱ?»

አስተናጋጁ ወደ ቀዩ ምንጣፍ ጠቆመ።

ጽዮን ምንጣፉን አየች። ግራና ቀኙን አየች። ከዚያ ዓይኗን ጨፈነች።

ጋሽ ተካ መዶሻውን ጣሉት። «ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ድንኳን ስተክል የሰው ንብረት ነክቼ አላውቅም! ከድንጋዩ ርቄ ነው የመታሁት። ይኸው ጋዜጠኛውም ቆሞ ያየኝ ነበር!»

«እውነት ነው» አልኩ። እውነት ነበር።

«እርስዎ ምንም አላጠፉም ጋሽ ተካ» አለች ጽዮን። «ግን ድንጋዮቹን ማነው ያነሳቸው?»

ሁሉም አላየሁም አለ። የእትዬ አሰለፈች ታናሽ እህት እትዬ የሺ፣ የዕለቱ ዋና አዛዥ፣ ከሁሉም በላይ ተቆጡ። «በሰው ሠርግ ላይ ምልክት የሚነቅል ምን ዓይነት ሰው ነው? ይፈለግ!» አሉ። ነጠላቸውን አስተካክለውም ወደ ወጥ ቤቱ ሄዱ።

ጋሽ ተካ ካስማውን ልንቀለው ቢሉ ጽዮን ከለከለቻቸው። ቢነቀልም ኬብሉ አይቀጠልም። ድንኳኑ ግን እንግዶቹ ላይ ይወርዳል። እኔም ፊልሙን በፍላሽ ገልብጦ ማምጣት አይቻልም ወይ ብዬ ጠየቅኩ። ጽዮን የጠዋቱ ሁሉ ተቀድቶ እስኪያልቅ የጠያቂ ሰዓት እንደሚያልፍ ነገረችኝ። ሄኖክ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ ሰርቪስ ቤቱ ገብቶ እንዳይሠራ ደግሞ በሩን የወጥ ድስቶች ሞልተውት ሰው በጭንቅ ነው የሚያልፈው። እትዬ አሰለፈች ሠርጉን የሚያዩት አሁን በአንዲት ኬብል ብቻ ነው።

ያኔ ነው ጽዮን ቀና ብላ ያየችው። እኔም አየሁ።

ሁለተኛው ኬብል በበሩ ማዕዘን በአየር ላይ ተዘርግቷል። የዲኮር ሠራተኞቹ የተዘጋጀ ገመድ ያገኙ መስሏቸው ባለ ቀለም አምፖሎች፣ ፊኛዎችና አንድ ትልቅ የአበባ ልብ አንጠልጥለውበታል። ኬብሉ በክብደቱ ጎብጦ ወርዶ ከሰው ራስ ብዙም አይርቅም። ነፋሱ በመጣ ቁጥር የአበባው ልብ ወዲያና ወዲህ ይላል። ኬብሉም መስኮቱ ጋ የተሰካበት ጫፍ ላይ ሳብ ለቀቅ ይላል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ጽዮን ሮጠች።

«ማንም እንዳይነካው! እንዳታወርዱት! ሲያወርዱት ነው ከጫፉ የሚነቀለው!»

«ምኑ?» አለ አንዱ ሚዜ።

«ሠርጉ በዚህ ኬብል ነው ወደ እትዬ አሰለፈች የሚሄደው!»

ይህ ወሬ ግቢውን ለማዳረስ ደቂቃም አልፈጀበት። እያንዳንዱ እንግዳ ለጎኑ ሰው ነገረ። በጠረጴዛዎቹ በኩል ሲያልፍ እየተለወጠ መሄዱን ሰምቻለሁ። መጨረሻ ላይ አንዲት ባልቴት «አሰለፈች በዚያ ሽቦ እያየችን ነው» ብለው ለኬብሉ እጃቸውን አውለበለቡለት። ሌሎችም ተከተሏቸው።

ሐጂ ኑሩ ለሙስሊም እንግዶች ከተዘጋጀው ጠረጴዛ ተነሥተው ወደ ቤታቸው ሄዱ። በአጥራቸው በኩል ሲመለሱ ረጅም እጀታ ያለው መጥረጊያ ይዘዋል። ወንበር ላይ ቆመው በእጀታው ኬብሉን ከሥር ደገፉት። ጋሽ ተካ በዚህ በኩል የድንኳን ምሰሶ አምጥተው እንዲሁ አደረጉ። ኬብሉ ቀና አለ።

«ሐጂ፣ ክንድዎት አይዝልም?» አሏቸው ጋሽ ተካ።

«የአንተ ካስማ ያመጣብን ጣጣ ነው። ዝም ብለህ ያዝ!»

«እኔ በድንጋዩ ለክቼ ነው አልኩ እኮ!»

«ድንጋዩን አምነህ ነዋ።»

ጭፈራው ደግሞ በዚያው ሰዓት ደራ። ሚዜዎቹ ሙሽራውን ትከሻቸው ላይ አወጡት። እየዘለሉ፣ እየዞሩ፣ ወደ በሩ ማዕዘን መጡ። ሙሽራው ጀርባውን ሰጥቶ እጆቹን ወደ ላይ ዘርግቷል። የሚሄድበትን አያይም።

ግቢው በሙሉ በአንድ ድምፅ «ኬብሉ!» ብሎ ጮኸ።

ሙሽራው ምን እንደሆነ ሳያውቅ አጎነበሰ። የአበባው ልብ ፀጉሩን ዳብሶት አለፈ። ሚዜዎቹ በርከክ አሉ። ሐጂ ኑሩ መጥረጊያውን ከፍ አደረጉ። ሙሽራው በኬብሉ ሥር አልፎ በሌላ በኩል ቀና ሲል እልልታው ቀለጠ። ከዚያ በኋላ ነገሩ የጭፈራው አካል ሆነ። የሚዘል ሁሉ ኬብሉ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፣ ሁሉም «ኬብሉ!» ይላል። ጽዮን ሰርቪስ ቤቱ ውስጥ ባለው ስዊችና በመስኮቱ መካከል ስትመላለስ ሳቋን ልትይዝ አልቻለችም።

አሥር ሰዓት ተኩል ሲሆን ሄኖክ ላፕቶፑን ታቅፎ ወረደ።

«አለቀ» አለ። ወደ ጽዮን ዞሮም «ምንም አትበዪኝ» አላት።

«ምንም አላልኩም» አለችው። ፈገግታዋ ግን ነበር።

የሙሽሮቹ መኪና ሙሉ በሙሉ በአበባ ተሸፍኗል። በእሱ ጥሩንባ እየነፉ ሆስፒታል መሄድ ስላላማራቸው የእኔ መኪና ተመረጠች። ማህሌትና ባሏ ከኋላ፣ ጽዮን ላፕቶፑን ይዛ ከፊት ተቀመጡ። ቬሎው ግማሹ እኔ ማርሽ ላይ ነበር። ሰዓቱ ሳያልቅ ደረስን። በሩ ላይ ያሉት ሰዎች ሙሽራ ሲያዩ መንገድ ከፈቱልን።

እትዬ አሰለፈች ፀጉራቸውን ተሠርተው፣ ነጠላ ለብሰው፣ ትራስ ተደግፈው ይጠብቃሉ። ማህሌት ጉልበታቸውን ልትስም ዝቅ ስትል «ቆይ፣ መጀመሪያ ፊልሙን» አሉ። ከዚያ ግን ልጃቸውን ስበው ፊቷን እያገላበጡ ሳሟት። ፊልሙ የተከፈተው ከዚያ በኋላ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን ዝም ብለው አዩ። እንግዳው መግባት ሲጀምር አፋቸው ተፈታ።

«አልማዝ መጣች? አሞኛል ብላኝ አልነበር! ... ይሄ ማነው ጓሮ ያስቀመጡት? የአባትሽ የአክስት ልጅ አይደለም? ከፊት ነበር መቀመጥ ያለበት። ... ሐጂ ኑሩ መጥረጊያ ይዘው ምን ያደርጋሉ?»

«ረጅም ታሪክ ነው እማዬ» አለች ማህሌት።

ፊልሙ መጨረሻው ላይ የግቢውን የጠዋት ዝግጅት የሚያሳይ አጭር ክፍል ነበረው። ድንኳን ሲተከል፣ ምንጣፍ ሲነጠፍ። እትዬ አሰለፈች በድንገት እጃቸውን አነሡ።

«ቆይ። ወደ ኋላ መልሱት።»

ጽዮን መለሰችው።

«እዚያ ጋ አቁሚ። ይሄ የእኔና የአንቺ ድንጋይ አይደለም? እኔ የቀባሁት?»

ሁላችንም ወደ ስክሪኑ አጎነበስን። ሐበሻ ቀሚስ የለበሱ ሴት አንድ ነጭ ድንጋይ እንደ ሕፃን ታቅፈው፣ ልብሳቸውን እንዳይነካባቸው አገጫቸውን ቀና አድርገው፣ ወደ ቀዩ ምንጣፍ ይራመዳሉ። ፊታቸው በደንብ ይታያል። እትዬ የሺ ናቸው።

ጽዮን ካስማው የት እንደገባ፣ ኬብሉ እንዴት እንደተቆረጠ፣ «ይፈለግ!» ብለው ከሁሉም በላይ የጮኹት ማን እንደሆኑ ነገረቻቸው።

እትዬ አሰለፈች መሳቅ ጀመሩ። ዳሌያቸውን በአንድ እጅ ይዘው «አታስቁኝ፣ ያመኛል!» እያሉ ይስቃሉ። አንዲት ነርስ ምን ሆኑ ብላ መጣች። እሷም ፊልሙን አየች፣ ድንጋዩ ጋ ሲደርስ እሷም ሳቀች። በመጨረሻም ወደ እህታቸው ስልክ አስደወሉ። እኔ አልጋው አጠገብ ስለነበርኩ የእትዬ የሺን ድምፅ ሰምቻለሁ።

«ለልጅቷ መንገድ ያምራል ብዬ ነው እንጂ! ድንጋይ ድንጋይ ነው ብዬ! ከዚያ በኋላማ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ምን ልበል?»

«መልሰሽ ታስቀምጫቸዋለሽ» አሏቸው እትዬ አሰለፈች። «ሁለተኛ ማንም በማያነሳቸው አኳኋን።»

ስልኩን ዘጉና ሙሽሮቹን አስጠግተው መረቋቸው። ረጅም ምርቃት ነበር። ውለዱ ክበዱ ብለው፣ ለጽዮንም ለሐጂ ኑሩም ለጋሽ ተካም አድርሰው፣ እኔንም አልረሱኝም። እኔ ሰው ሲመርቅ ማስታወሻ አልይዝም። የዚያን ቀን ግን አሜን ያልኩት ከሌላው ሁሉ ጮክ ብዬ እንደነበር አስታውሳለሁ።

ያሰብኩት ጽሑፍ በኋላ ታተመ። ስለ ስዊችና ስለ ኬብል ነው፣ ትክክለኛም ነው። ሁለት መንገድ ለምን የትም ቦታ መገናኘት እንደሌለበት ሲጠይቁኝ ግን የምነግራቸው ስለ መጥረጊያው ነው።

ቀዶ ሕክምናው ሰኞ ጠዋት ተደርጎ በሰላም ተጠናቀቀ። እትዬ አሰለፈች አሁን በከዘራ ይሄዳሉ። የተቆረጠው ኬብል ተቀይሯል። የአየሩ ኬብል የብረት ምሰሶ ቆሞለት ሐጂ ኑሩ መጥረጊያቸውን ወስደዋል።

ባለፈው ሳምንት በዚያ በኩል ሳልፍ ገባ ብዬ አየሁ። ነጮቹ ድንጋዮች የቀድሞ ቦታቸው ላይ ናቸው። በሲሚንቶ ተይዘዋል። ሲሚንቶውን ያመጡት እትዬ የሺ ናቸው።